ነጠላው ስር የነበረው ልጅ፦ ከጎንደር እስከ ዛሪማ

ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ የሄድኩት እናቶች ስለ ጡት ማጥባት ምን እንደሚያስቡ፣ ምን እንደሚያግዳቸውም የምትጠይቅ አንዲት ተመራማሪ ነርስ ተከትዬ ነው። ለጋዜጣዬ አጭር ዘገባ ይዤ ለመመለስ ነበር ሐሳቤ። ዘገባውን ድሬዳዋ እንደገባሁ ጽፌ ሰጠሁ። ይህ በዘገባው ውስጥ ቦታ ያጣው ነው። አንጓች የምላት እናት ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንና የቤተሰቧን ስም ቀይሬአለሁ፤ ቀበሌውንም አልጠቅስም። አብዛኛው አንባቢዬ በዚያ መንገድ የማለፍ አጋጣሚ ስለማይኖረው እንደሄድኩበት በተራ እተርካለሁ።

ረቡዕ፣ ጎንደር

ከድሬዳዋ ለመጣ ሰው ጎንደርን ቀድሞ የሚያስተዋውቀው ብርዱ ነው። ጥቅምት ሊያልቅ ነበር። ያረፍኩት ቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለች ትንሽ ፔንሲዮን ነው። ባለቤቷ እግሬን አዩና ሳልጠይቅ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጨመሩልኝ። "በዚች ነጠላ ጫማ ነው ደባርቅ የምትሄጂው?" አሉ። በእኛ አገር ዓመቱን ሙሉ ሌላ ጫማ አያስፈልግም። ማታ ልጃቸውን ልከው የሱፍ ካልሲ አስመጡልኝ። እስክመለስ ድረስ አላወለቅሁትም።

ነርሷ ሲስተር ሰናይት ትባላለች። ብዙ የማትናገር፣ ስትጠይቅ ግን መልሱን እስኪጨርሱላት የምትጠብቅ ሴት ናት። ያን ቀን ጥያቄዎቿን ከተማ ውስጥ ሞከረቻቸው። ካነጋገረቻቸው አንዷ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሥራ ከገባች ሰንብታለች።

"ስብሰባ ላይ ጡቴ ሲፈስ ፋይል ደረቴ ላይ ለጥፌ እቀመጣለሁ" አለችን። "ልጄ ደግሞ የቆርቆሮውን ወተት ለምዷል። ቤት ስገባ ፊቱን ያዞርብኛል። እኔ ነኝ እንግዳዋ።"

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። እኛ ዘንድ ሴቶች ገበያ ላይም፣ ባጃጅ ውስጥም ያጠባሉ፤ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ጎንደር ውስጥ ያየኋቸው ሁሉ ግን፣ የተማሩትም ያልተማሩትም፣ ልጁ ጡት ሲይዝ ነጠላቸውን አውርደው ይሸፍኑታል። ጨዋነት ነው ብዬ አለፍኩት።

ሐሙስ፣ በዳባት መንገድ

ሾፌራችን ጋሽ ደሳለኝ የዳባት ተወላጅ ነው። መንገዱ ክፍት መሆኑን ከሌሎች ሾፌሮች አጣርቶ ማለዳ ተነሣን። በዚያ ሰሞን ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፤ ወሬ በሾፌር አፍ ነበር የሚሄደው። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቁርስ በላን። እጄን የሻይ ብርጭቆው ላይ አጣብቄ ስቀመጥ ጋሽ ደሳለኝ፣ "የድሬ ሰው፣ ይሄ እኮ ገና ሙቀቱ ነው" አለኝ።

ከዳባት አለፍ ብለን ከአስፋልቱ ወጣንና ገብስ በሚታጨድበት ሜዳ መሀል ወደ አንድ መንደር ገባን። አንጓችን ያገኘናት እዚያ ነው። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች፣ ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት። የስድስት ወር ገደማ ወንድ ልጅ አላት፤ ጌትነት ይባላል። ባሏ ይርጋ ሐምሌ ላይ፣ ልጁ ክርስትና እንደተነሣ፣ ለሰሊጥ ሥራ ቆላ ወርዷል። ከአማቷ ከእማማ ደብሬ ጋር ነው የምትኖረው። ስንጠይቃት እማማ ደብሬ ከበሩ መደብ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር።

"ልጅሽ እንደተወለደ መጀመሪያ የቀመሰው ምንድን ነው?" አለች ሰናይት።

"ጡት።"

"ቅቤ አልሰጣችሁትም?"

"ኧረ የለም። ቅቤ ድሮ ቀረ።"

እማማ ደብሬ ሳቁ። "እኔ ሁሉንም በቅቤ ነው የተቀበልኳቸው። አሁን ግን ለጠየቃችሁ ሰው እንዲያ አትበሉ ተብለናል።"

ሰናይትም ሳቀች፤ ጥያቄዋን ግን ቀጠለች። ስታጠቢ ያስቸገረሽ ነገር አለ? የለም። ወተት ይበቃዋል? ይበቃዋል። መልሶቹ የጤና ትምህርት ላይ እንደሚባሉት ነበሩ፤ አንድም አልጎደለም። ከዚያ ሰናይት የልጁን ክንድ በባለቀለሙ ጥብጣብ ለካች። አረንጓዴው ደህና፣ ቀዩ አደጋ ነው። የጌትነት ክንድ ቢጫው ላይ ቆመ፤ ለቀዩ የቀረበው ቢጫ ላይ።

"ተቅማጥ ይዞት ነበር" አለች አንጓች ቶሎ ብላ፣ ልጁንም ነጠላዋ ውስጥ መለሰችው።

ልንሄድ ስንነሣ የመኪናው ጎማ ተንፍሶ አገኘነው። ጋሽ ደሳለኝ ስኮርታውን አወረደ፤ እሱም ባዶ ነበር።

"ጎንደር ላይ አይቼው ነበር እኮ!" አለ።

"አየኸው እንጂ መች ነካኸው፣ አያ ደሳለኝ" አሉት እማማ ደብሬ።

ሁለቱን ጎማዎች አህያ ላይ ጭኖ ወደ አስፋልቱ ወረደ፤ እኛ ቀረን። እማማ ደብሬ ማደራችንን እንደ ተራ ነገር ወሰዱት። የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ቀጥሎም የባቄላ እሸት ቀረበ። የራሳቸውን መደብ ለቀውልን ሁለት አጎዛ ደራረቡበት። ድሬዳዋ ሙቀት ሲበዛ አልጋ ግቢ አውጥተን እንተኛለን፤ እዚህ ጥጆቹ ሳይቀሩ ቤት ገቡ።

ራት ስንበላ አንጓች ከምሰሶው አጠገብ ተቀምጣ ልጁን አቀፈችና ነጠላዋን አወረደች። ረጅም ጊዜ እንደዚያው ቆየች። ስትጨርስ ልጁ ተነጫነጨ፤ አዘለችው። ሰናይት የያዘችውን ጉርሻ አልጎረሰችም ነበር። እማማ ደብሬም ወደ ምሰሶው አልዞሩም። ያኔ ምንም አልጠረጠርኩም።

ዓርብ፣ ምንጩ

ጠዋት አንጓች ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ልጇን አዝላ ነበር። ሰናይትና እኔ ተከተልናት። ምንጩ ዘንድ ሌላ ሰው አልነበረም።

"አንጓች፣" አለች ሰናይት፣ "ማታ ልጁ አልዋጠም።"

አንጓች ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠች። "ታየ እንዴ?"

"አልታየም። ልጅ ሲውጥ ለቀረበ ሰው ይሰማል።"

"እማማም ሰምተዋላ።" ያለችው ለራሷ ነበር።

ከዚያ የነገረችን ይህ ነው። ይርጋ ከሄደ ወዲህ እርሻው ለእሷ ቀረ። ልጁን ለአማቷ ትታ ማሳ ትውላለች፤ ቀን በሶ በውኃ ይሰጡታል። በመንደሩ እምነት ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጡት ልጅ ያሳምማል። ስለዚህ ማታ ስትመለስ ሳታጠባው በፊት ወተቱን መሬት ላይ ታልበዋለች። ልጁ የሚያገኘው ከዚያ የተረፈውን ነው። ወተቷም እያደር ቀነሰ። ልጁን ተቅማጥ ያዘው፤ ከሳ። አንድ ቀን ጎረቤቷ አየችውና፣ "ምነው ልጁ እንዲህ ከሳ? አርግዘሽበት ነው?" አለቻት።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በዚያ አገር የሚጠባ ልጅ ያለ ምክንያት ሲከሳ እናቱ በላዩ ላይ አርግዛበታለች ይባላል። የእርጉዝ ወተት ልጁን ያከሳል፣ አልፎም ይገድላል ተብሎ ስለሚታመን እናቲቱ ወዲያው ጡት ትነሣዋለች። ባሏ ቤት ላለ ሴት ይህ ተራ ጥያቄ ነው። የአንጓች ባል ግን ከሐምሌ ጀምሮ ቤቱ የለም።

"ጡት ብነሣው፣ ይኸው አረገዘች ይሉኛል" አለች። "እያጠባሁት ሲከሳ ደግሞ፣ ነውሯን ልትደብቅ ልጇን ትገድላለች ይሉኛል።"

"እና ምን ታደርጊያለሽ?"

"እሸፍነዋለሁ። ጡቱን አፉ ውስጥ አደርገዋለሁ። ወተቱ እንደ ድሮው አይመጣለትም፤ ይደክመውና ይተወዋል። ሰው ግን ሲጠባ ያየኛል። ክሳቱንም አያይም።"

ሰናይት ሁለት ነገር ነገረቻት። አንደኛው፣ ሴት ብታረግዝ እንኳ ማጥባቷ ልጁን እንደማይጎዳ። አንጓች ራሷን ነቀነቀች፤ "ይሄን ለከተማ ሰው ንገሪው፣ እህቴ።" ሁለተኛው፣ አለማርገዟ ጤና ጣቢያ በሽንት እንደሚታወቅ።

"ልመርመር ብዬ ብሄድማ፣ ጠርጥራ ሄደች ነው የሚሉኝ። እሑድ እሑድም ያዩኛል። ልጁ ከተወለደ ወዲህ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሜ አላስቀደስኩም።"

የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ከቅጥሩ ውጭ ነው የምታስቀድሰው። አንጓች ውጭ አለመቆሟንም ጎረቤቶቿ ልብ ብለውታል። በሚያጠቡ ሴቶች ላይ የወር አበባ መቅረት የተለመደ መሆኑን ሰናይት አስረዳቻት። እኔ በወር አበባዋ ምክንያት ውጭ ስለምትቆም ሴት ብዙ ጽፌ አውቃለሁ፤ ገብታ መቆሟ ስለሚያስከስሳት ሴት ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

"ይርጋ መቼ ይመጣል?" አልኳት።

"ሰሊጡ እየተጠናቀቀ ነው። ከአሁን አሁን ይመጣል።" ጀሪካኑን አነሣች። "ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ያገኘዋል።"

ወደ ቤት ስንመለስ ሰናይት ለእኔ፣ "የነገረችኝን ለማንም ማውጣት አልችልም፤ ለአማቷም ቢሆን" አለችኝ። "የልጁ ክንድ ግን ምስጢር አይደለም።" ጋሽ ደሳለኝ ረፋዱ ላይ ጎማዎቹን አስጠግኖ ሲደርስ ልጁ ጤና ጣቢያ መታየት አለበት ብላ ለእማማ ደብሬ ነገረቻቸው። እማማ ደብሬ ጋቢያቸውን አንሥተው ከሁላችንም ቀድመው መኪና ውስጥ ተቀመጡ።

ጤና ጣቢያ ልጁን መዘኑት፤ ምክር ሰጡ፤ ቀጠሮ ያዙለት። አንጓች ምርመራውን ራሷ ጠየቀች፣ አማቷ ደጅ ሳሉ። እርግዝና የለም ተባለች። ይህን ሰምታ ወጣችና መኪና ገባች። ግማሽ መንገድ ላይ ነው የተናገረችው።

"እማማ፣ አላረገዝኩም።"

ጋሽ ደሳለኝ ራዲዮኑን ቀነሰው።

"ማን አረገዝሽ አለሽ?" አሉ እማማ ደብሬ።

"አንቱ።"

"እኔ መቼ ተናገርኩ?"

"ዝም አሉኝ።"

እማማ ደብሬ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያዩ ነበር። "ዝም ያልኩትማ መልስሽን ፈርቼ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ማታ ማታ ጆሮዬን ጥዬ እሰማለሁ፤ ልጁ አይውጥም። ወተቷን የከለከለችው አርግዛ ነው አልኩ። ልጄ ሲመጣ ምን እላለሁ እያልኩ እንቅልፍ የለኝም።"

"ምርመራውን ይጠይቋት" አለች አንጓች ወደ ሰናይት እያመለከተች። "ሰማኒያ ጊዜ ከምምል እሷ ትንገርዎት።"

"ምን ያደርግልኛል? ነገርሽኝ እኮ" አሉ እማማ ደብሬ። ልጁን ከእጇ ወስደው ታቀፉት።

ቤት ስንደርስ ሰናይት ለሁለቱም ገለጠችላቸው፤ ልጁ ቀንም ማታም፣ በፈለገ ቁጥር ይጥባ፤ በጠባ ቁጥር ወተቱ ይጨምራል፤ ከጡቱ በተጨማሪ ወፈር ያለ ገንፎ ይጀመርለት፤ የበሶው ውኃ ይቅር፤ ወተቱ መሬት ላይ አይታለብ።

"ፀሐይ የመታውስ?" አሉ እማማ ደብሬ።

"ፀሐይ ወተት አያበላሽም፣ እማማ።"

እንዳላመኗት ፊታቸው ላይ ይታያል። ከዚያ ከግድግዳው ላይ ማጭዱን አወረዱ።

"እንግዲያው ፀሐዩን እኔ እወስደዋለሁ" አሉ። "አንቺ ቤት ቁጭ በይና አጥቢው።"

ወደ ደባርቅ ስንነሣ በማሳው ጎንበስ ብለው ሲያጭዱ አየናቸው።

ቅዳሜ፣ ሊማሊሞና ዛሪማ

ደባርቅ ያደርንበት ሆቴል ባልዲ ሙቅ ውኃ ያመጣልን ያለ ክፍያ ነው፤ አስተናጋጇ "ብርድ የመታው ሰው አይከፍልም" ብላ ሳቀችብኝ። ጠዋት የሊማሊሞን ቁልቁለት ወረድን። በየመታጠፊያው ጋሽ ደሳለኝ ክላክስ ያደርጋል፤ እኔ በየመታጠፊያው አንድ ልብስ አወልቃለሁ። ዛሪማ ስንደርስ አገሬ የገባሁ መሰለኝ፤ አቧራው፣ ጥላ ፍለጋው፣ የሚቀዘቅዝ ነገር የሚጠይቅ ሰው።

ሰናይት ከገበያው ዳር እናቶች አነጋገረች። እኔ ምሳ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከቆላ የሚመለሱትን የጭነት መኪኖች አየሁ። ሰሊጥ የጨረሱ ወንዶች ከላይ ቆመዋል፤ ፊታቸው ከአቧራ አንድ ዓይነት ሆኗል። አንዱ መኪና ውኃ ሊሞላ ሲቆም ወረዱና ጋሽ ደሳለኝን ከበቡት።

"ከላይ ነው የምትመጣ? አገር ሰላም ነው?"

"ሰላም ነው።"

"ማን ሞተ? ማን አገባ? የማን ሚስት ወለደች?"

እንደ ቀልድ ነበር የሚጠይቁት፤ ግን እያንዳንዱ መልሱን ቆሞ ይጠብቃል። ጋሽ ደሳለኝ ስለ ገብሱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ በግ ዋጋ አወራላቸው። ከዚያ ውጭ አንድ ነገር አልወጣውም። መኪናው ሽቅብ ሲነሣ ወደ እኔ መጥቶ ተቀመጠ። "ልጅቷ ብትፈራ እውነቷን ነው፤ ወሬ እንዲህ ነው የሚቀድማት" አለኝ።

እሑድ፣ ሰንበቴ

እሑድ ወደ መንደሩ ተመለስን፤ ሰናይት የልጁን ክንድ ሳትለካ አላልፍም ብላ ነበር። ቅዳሴ አልቆ ሰው ሰንበቴ ቤቱ ዘንድ ተሰብስቦ ነበር። ሰንበቴ ማኅበርተኞች በየተራ ጠላና ዳቦ አምጥተው ከቅዳሴ በኋላ አብረው የሚቀምሱበት ነው። ቄሱ ባርከው ወደ ወንዶቹ አለፉ። ሴቶቹ ከግንቡ ጥግ ተቀምጠዋል። አንጓችን አርግዘሽበት ነው ያለቻት ጎረቤትም አለች፤ እማማ ደብሬ በአገጫቸው አሳዩኝ።

ጌትነት ማልቀስ ጀመረ። አንጓች እንደ ልማዷ አቀፈችውና ነጠላዋን ልታወርድ ስትል እማማ ደብሬ እጃቸውን ዘርግተው ነጠላውን ከትከሻዋ ላይ ሳቡት። አጠፉት። ከበታቻቸው አድርገው ተቀመጡበት።

"አጥቢው" አሉ።

"ምነው እማማ ደብሬ?" አለች ጎረቤቷ። "ብርድ ሊመታው ነው እኮ።"

"ነጠላ ስር ሆኖም ከስቷል። እስቲ ዛሬ ዝም በሉና ስሙ።"

አንጓች ፊቷ ቀልቷል፤ ዓይኗን ልጇ ላይ ተክላለች። ልጁ ጡቱን ያዘ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ያዘ። በመጀመሪያ ምንም አልተሰማም። እኔ ወደ ሰናይት አየሁ፤ እሷ ጎንበስ ብላ መሬት መሬቱን ታያለች። ከዚያ ጉሮሮው ተንቀሳቀሰ። አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ተከታተለ፤ ከአጠገቧ ለተቀመጥን ሁሉ ይሰማል።

"ያረገዘች ሴት በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በሁላችሁ ፊት ጡቷን አውጥታ ልጇን ትመርዛለች?" አሉ እማማ ደብሬ። ድምፃቸውን አላነሡም። "የምታውቅ ካለች አሁን ትናገር። ልጄ መጥቶ ጆሮው ላይ የምትናገር እንዳትኖር።"

ጎረቤቷ ዋንጫዋን አስቀምጣ ተጠጋችና ልጁን ቀረብ ብላ አየችው።

"ሸጋ ይጠባል" አለች።

እማማ ደብሬ ነጠላውን አልመለሱም።

በኋላ ሰናይት ክንዱን ለካችው። ጥብጣቡ አሁንም ቢጫ ነው፤ በሁለት ቀን የሚለወጥ አይደለም። ወተቱ ግን እየተመለሰ ነው አለች። ቀጠሮውን እንዳያሳልፉ ሁለት ጊዜ አሳሰበቻቸው።

ሰኞ፣ አስፋልቱ ዳር

ሰኞ ጠዋት ከዳባት ወደ ጎንደር ለመውረድ ተነሣን። ጋሽ ደሳለኝ ግን መኪናውን ወደ ኋላ አዞረ፤ ለእማማ ደብሬ ሳሙና ገዝቶ ነበር፤ ከመገንጠያው ላይ ለሚገባ ሰው ልሰጥ ነው አለ። ሰው መፈለግ አላስፈለገውም። የመንደሩ መንገድ አስፋልቱን በሚገናኝበት ቦታ እማማ ደብሬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። አንጓች አጠገባቸው ናት። ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተውላታል፤ እሷ ከጥላው ስር ልጇን ታጠባለች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው።

"ይርጋ ዛሬ ይመጣል እንዴ?" አልኳቸው።

"ዛሬም ይምጣ ነገም ይምጣ። ከመኪና ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው።"

"ገብሱስ?" አላቸው ጋሽ ደሳለኝ።

"ገብሱ ሁለት ቀን ቢቆይ ምን ይሆናል?"

ሳሙናውን ተቀበሉ፤ መረቁን። ለእኔ ካልሲዬን አይተው፣ "ይቺን አውልቀሽ አገርሽ ግቢ፤ እዚያ ሙቀት ነው ይላሉ" አሉኝ። በዚያው ቅጽበት ከደባርቅ በኩል የጭነት መኪና መጣ። ወንዶች ከላይ ቆመዋል። እማማ ደብሬ ጃንጥላውን እንደያዙ ተነሡና ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ወጡ፤ አንጓች ፀሐይ ላይ ቀረች። መኪናው ዝግ አለ። ሁለት ወጣቶች ዘለው ወረዱ፤ እማማ ደብሬ በአቧራው መካከል የልጃቸውን ፊት ፈለጉ። የሌላ ሰው ልጆች ነበሩ።

መኪናው አለፈ። እማማ ደብሬ ተመልሰው ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ፤ ጃንጥላውንም መጀመሪያ ወደነበረበት፣ ወደ አንጓች ጡት አዘነበሉት።